የአነጋገር ጥበብና እውነት

፩፣ የርስት ሙግት በመንዝ

የመንዝ አገር ደጋ ነው። ሜዳው ሰፊ፣ ነፋሱ ብርቱ፣ ውርጩም ጽኑ ነው። ገብስ ይዘራበታል፤ በግ ይረባበታል፤ ከበጉም ጠጉር ባና ይሠራበታል። ከእርሱ በስተ ሰሜን ግሼ አለ። በስተ ደቡብ ምዕራብም የጀማና የወንጪት ወንዞች በጥልቅ ገደል የሚወርዱበት የመርሐቤቴ አገር አለ።

በቀድሞ ዘመን በዚህ አገር ለሚኖር ገበሬ ከሀብቱ ሁሉ የሚበልጠው ርስቱ ነበረ። ርስት ማለት ከአባትና ከእናት ወገን በትውልድ የሚደርስ መሬት ነው። መሬቱን በመጀመሪያ ያቀናው ሰው አቅኚ አባት ይባላል። የመንዝ አገር ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር እየተባለ በሦስት መጠራቱም በቀደሙት አባቶች ስም ነው። ከአቅኚው አባት የተወለደ ሁሉ፣ በወንድ በኩል ቢሆን ወይም በሴት በኩል፣ ትውልዱን ቆጥሮ «ድርሻዬን ስጡኝ» ሊል ይችል ነበረ። ይህም የርስት ሥርዓት የመሬት አዋጅ በ1967 ዓ.ም. እስከ ወጣ ድረስ ቆየ።

ጠያቂው ብዙ፣ መሬቱ ግን ጥቂት ስለ ሆነ ሙግት አይታጣም ነበረ። ዳኛው በዛፍ ጥላ ሥር ወይም በሜዳ ላይ ይቀመጣል። ከሳሽና ተከሳሽ ሸማቸውን አደግድገው በፊቱ ይቆማሉ። ሕዝቡም በዙሪያቸው ከቦ ይሰማል። አንዱ «ተጠየቅ» ሲል ሌላው «ልጠየቅ» ይላል። «በላ ልበልሃ» እየተባባሉም ይከራከራሉ። ክንዳቸውን ዘርግተው፣ በዱላቸው እያመለከቱ፣ ድምፃቸውን አንድ ጊዜ ከፍ አንድ ጊዜ ዝቅ እያደረጉ ይናገራሉ። ንግግራቸውን በምሳሌ ያጣፍጡታል፤ እንደ ግጥምም ቤት ያስመቱታል። በክርክሩም መካከል ማር ወይም በቅሎ ወይም ብር ይወራረዳሉ።

በፍርዱ ያልረካ ሰው ይግባኝ ይላል። በሶውን በአቅማዳ ይዞ፣ ገደል ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ወደ አዲስ አበባ ወጥቶ በአፈ ንጉሡ ችሎት ይቆማል። ይህም ካልበቃው እስከ ንጉሠ ነገሥቱ ዙፋን ችሎት ይደርሳል።

የመንዝ ሰው ይህን ጥበብ ከመጽሐፍ አልተማረውም። ልጆች ከአባቶቻቸው ኋላ ቆመው እየሰሙ ይማሩት ነበር። ነገር ግን በዚያ በዛፉ ጥላ ሥር አንድ የሚያሳዝን ነገር ይታይ ነበር። እውነት ያለው ሁሉ አፍ የለውም፤ አፍ ያለውም ሁሉ እውነት የለውም። አባቱ በሕፃንነቱ የሞተበት ልጅ መሬቱን ዘመድ ቢይዝበት፣ አድጎም በዳኛ ፊት ሲቆም ምላሱ ቢታሰር፣ ምን ይሆናል? ርስቱ ከእጁ ይወጣል።

፪፣ የግሪክ ሰዎች ሙግት

ከዚህ አገር እጅግ በሚርቅ በግሪኮች አገርም ይህን የመሰለ ነገር ነበረ።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት፣ ሲሲሊያ በምትባል ደሴት፣ በሰራኩስ ከተማ ጨካኞች ገዦች ነበሩ። የሕዝቡንም መሬት ቀምተው ለሚወዱት ሰው ይሰጡ ነበር። ገዦቹ በወደቁ ጊዜ መሬቱ የተወሰደበት ሰው ሁሉ «መሬቴ ይመለስልኝ» እያለ ወደ ዳኞች መጣ። በዚያን ጊዜ ኮራክስና ቲስያስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች በችሎት እንዴት መናገር እንደሚገባ ማስተማር ጀመሩ ይባላል። እንግዲህ የግሪኮች የአነጋገር ትምህርት የተወለደው እንደ መንዝ ሁሉ በመሬት ሙግት ነው።

ትምህርቱ ከዚያ ወደ አቴና ከተማ ተሻገረ። በአቴና ከሳሽም ተከሳሽም በራሱ አፍ ይናገር ነበር እንጂ ሌላ ሰው አይቆምለትም ነበር። መናገር ያልቻለ ሰው ንግግሩን ለሚያውቅ ሰው ከፍሎ ያስጽፍና በቃሉ አጥንቶ ይመጣ ነበር። የሚሰሙት ዳኞችም በዕጣ የተመረጡ የአገሩ ሰዎች ናቸው። ቁጥራቸው 201 ወይም 501 ይሆናል፤ ለታላቅ ነገርም ከዚህ ይበልጣል። ተናጋሪውም እንደ ወደደ አያረዝምም። ከበታቹ የተበሳ የሸክላ ማሰሮ ውሃ ተሞልቶ ይቀመጣል፤ ውሃው ፈስሶ ሲያልቅ ንግግሩም ያልቃል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ427 ዓመት ጎርጊያስ የሚባል የሲሲሊያ ሰው ለመልእክት ወደ አቴና መጣ። ንግግሩንም እኩል እኩል እየከፈለ፣ መጨረሻውንም እንደ ግጥም ቤት እያስመታ ስለ ተናገረ የከተማው ሰዎች እጅግ ተደነቁ። ብዙ ጎልማሶችም ይህን ለመማር ገንዘብ ይከፍሉ ጀመር።

፫፣ ዴሞስቴንስ

ከግሪክ ተናጋሪዎች ሁሉ ስሙ የበለጠው ዴሞስቴንስ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ384 ዓመት በአቴና ተወለደ። አባቱ ሰይፍ የሚያሠራ ባለጸጋ ነበረ። ነገር ግን ልጁ 7 ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ። ሀብቱንም እንዲጠብቁለት ሦስት ሰዎች ሞግዚት ሆነው ነበር። እነርሱ ግን ከሀብቱ ብዙውን በሉት።

ዴሞስቴንስ ባደገ ጊዜ ከተወሰደበት ሀብት ጥቂት ብቻ እንደ ቀረለት አየ። አልተደባደበም፤ አልሸፈተም። የውርስ ሙግት አዋቂ ወደ ነበረው ወደ ኢሳዮስ ሄዶ ተማረ። ከዚያም ገና ጎልማሳ ሳለ ሞግዚቶቹን ከሰሰ፤ በዳኞቹም ፊት ራሱ ተናግሮ ረታ። የተበላው ሀብት ሁሉ ባይመለስለትም የነገሩን ሥርዓት በዚህ ዐወቀ።

ከዚህ በኋላ በሕዝብ ጉባኤ ሊናገር ተነሣ። ሕዝቡ ግን ሳቀበት። ድምፁ ቀጭን፣ ትንፋሹ አጭር፣ ምላሱም ኮልታፋ ነበረና። ፕሉታርክ የሚባል ጸሐፊ እንደ ተረከው ዴሞስቴንስ ጠጠር በአፉ ይዞ መናገርን ይለማመድ ነበር። ትንፋሹም እንዲረዝም ዳገት እየሮጠ በቃሉ የያዘውን ያሰማ ነበር። ከምድር በታች ባሠራው ቤት ገብቶ ብዙ ቀን ያጠና ነበር። ወደ ውጭም እንዳይወጣ ራሱን በአንድ ወገን ብቻ ይላጭ ነበር፤ ይህን ሆኖ በሰው ፊት መታየት ያሳፍራልና።

እንዲህ ደክሞ ታላቅ ተናጋሪ ሆነ። የመቄዶንያ ንጉሥ ፊልጶስ የግሪክን ከተሞች ሊይዝ በመጣ ጊዜ ዴሞስቴንስ ከ351 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ጀምሮ ሕዝቡን ስለ ነጻነቱ አስጠነቀቀ።

ነገር ግን ከዚህ ታላቅ ሰው ሌላም ነገር ልንማር ይገባል። በሸመገለ ጊዜ የማይገባ ገንዘብ ተቀብለሃል ተብሎ ተከሰሰ። ዳኞቹም ፈረዱበት፤ 50 መክሊት እንዲከፍል ታዘዘ፤ የሚከፍለውም ስላጣ ከእስር ቤት አምልጦ ተሰደደ። ያ ሁሉ የአፍ ጥበብ በዚያን ቀን አላዳነውም። ሕዝቡ የሰውየውን ቃል ከመስማቱ በፊት የሰውየውን እጅ ይመለከታልና።

፬፣ ሦስቱ ረዳቶች

አርስጣጣሊስ፣ ዛሬ ብዙዎች አሪስቶትል የሚሉት ፈላስፋ፣ ዴሞስቴንስ በተወለደበት ዓመት ተወለደ፤ እርሱ በሞተበት ዓመትም፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ322፣ ሞተ። የታላቁ እስክንድርም መምህር ነበረ። ስለ አነጋገር ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ ሰሚን የሚያሳምኑ ሦስት ነገሮች ናቸው ብሎ ያስተምራል። እነዚህን ለመረዳት መሬቱ የተወሰደበትን ያን የመንዝ ልጅ እንደ ምሳሌ እናስብ። አድጎ ጎልማሳ ሆኗል። መሬቱን የያዘው አጎቱ ነው። አጎቱም በሙግት የታወቀ አፈኛ ሰው ነው።

መጀመሪያው ረዳት የተናጋሪው ጠባይ ነው። ግሪኮች ኤቶስ ይሉታል። ሰሚ የሚያምነውን ሰው ቃል ይቀበላል፤ የማያምነውን ግን ወርቅ ቢናገር አይቀበለውም። ስለዚህ ጎልማሳው በቀጠሮው ሰዓት ይደርሳል። ሸማውን አደግድጎ እጅ ይነሣል። አጎቱን አይሰድብም፤ «እርስዎ» እያለ ይጠራቸዋል። «አጎቴ በልጅነቴ እህል ሰጥተውኛል፤ ይህን አልክድም» ይላል። በራሱ ላይ የሚከብደውን እውነት ሳይደብቅ የተናገረ ሰው፣ ለራሱ የሚረዳውንም ሲናገር ይታመናል።

ሁለተኛው የሰሚው ልብ ነው። ግሪኮች ፓቶስ ይሉታል። ሰው ሲያዝንና ሲደሰት፣ ሲቆጣና ሲራራ ፍርዱ አንድ አይደለም። ጎልማሳው «እናቴ መሬት ሳላት በሰው ቤት ጠጉር እየፈተለች አሳደገችኝ» ብሎ ያለውን አንድ ነገር ይናገራል። ይህ እውነት ስለ ሆነ ነውር አይደለም። ነገር ግን ልብን ማታለል ነውር ነው። በአቴና የተከሰሱ ሰዎች ዳኞቹ እንዲራሩላቸው የሚያለቅሱ ልጆቻቸውን ወደ ችሎት ያመጡ ነበር። ሶቅራጥስ ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት ለሞት በተከሰሰ ጊዜ፣ 70 ዓመት የሆነው ሽማግሌና የሦስት ልጆች አባት ሲሆን፣ ይህን ለማድረግ እንቢ አለ። ዳኛ በሕግ እንዲፈርድ ይገባዋል እንጂ በእንባ እንዲሸነፍ አይገባም ብሎ አስቧልና።

ሦስተኛው የነገሩ ማስረጃ ነው። ግሪኮች ሎጎስ ይሉታል። ጎልማሳው ከአቅኚው አባት ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ ትውልዱን ሳያዛባ ይቆጥራል። ድንበሩን «በዚህ በኩል ጅረቱ፣ በዚያ በኩል የቆመው ድንጋይ» ብሎ ይለያል። አባቱ ሲያርስ ያዩትን ጎረቤቶች ይጠራል። ግብሩን ማን ይከፍል እንደ ነበር ያስረዳል። ከሦስቱ ረዳቶች ለእውነተኛ ዳኛ የሚበቃው ይህ ነው።

ንግግርም ሥርዓት አለው። በመጀመሪያ ሰሚውን የሚያነቃ አጭር መግቢያ፣ ቀጥሎ የሆነውን ነገር በተራ መተረክ፣ ከዚያም ማስረጃውን ማቅረብ፣ በመጨረሻም የተናገሩትን ሰብስቦ መዝጋት ነው። ከመጨረሻው የጀመረ ሰው ሰሚውን ያደናግራል።

ስለ ቃልም ውበት አርስጣጣሊስ የንግግር ደግነቱ ግልጽ መሆኑ ነው ይላል። ቃሉም ለነገሩ የሚገባ ይሁን፤ ለትንሽ ነገር ትልቅ ቃል፣ ለትልቅ ነገርም ቀላል ቃል አይስማማም። በአገራችን ሰምና ወርቅ እጅግ ይወደዳል። በቅኔ ቤት ወርቁን በሰም መሸፈን ጥበብ ነው። በችሎት ግን ዳኛው ወርቁን ፈልጎ እንዳይደክም ገልጦ መስጠት ይገባል። ምሳሌ ለንግግር እንደ ጨው ነው፤ ጥቂት ሲሆን ያጣፍጣል፤ ሲበዛ ግን ወጡ አይበላም።

፭፣ ጠርጠሉስና ጳውሎስ

አፍላጦን የሚባለው የአርስጣጣሊስ መምህር ይህን ጥበብ ይፈራው ነበር። አንድም ምሳሌ ሰጠ። ሐኪምና ወጥ ሠሪ በልጆች ፊት ቆመው «ለሰውነት የሚበጀውን ምግብ ማን ያውቃል?» ተብለው ቢከራከሩ፣ ልጆቹ ለወጥ ሠሪው ይፈርዳሉ አለ። ሐኪሙ መራራ ይሰጣል፤ ወጥ ሠሪው ጣፋጭ ይሰጣልና። እውነት የሌለው ጣፋጭ ንግግርም እንዲሁ ነው፤ ጆሮን ደስ ያሰኛል፤ ነፍስን ግን አይፈውስም።

በሐዋርያት ሥራ በ24ኛው ምዕራፍ ይህን የሚያስረዳ ነገር ተጽፏል። ሐዋርያው ጳውሎስ በቂሣርያ በአገረ ገዢው በፊልክስ ፊት ተከሰሰ። ሊቀ ካህናቱ ሐናንያ ጠርጠሉስ የሚባል ጠበቃ ይዞ መጣ። ጠርጠሉስም ንግግሩን የጀመረው አገረ ገዢውን በማመስገን ነው። በእርሱ ዘመን ስለ ሆነው ሰላም፣ ስለ አሳቢነቱም ብዙ አመሰገነው። ከዚያም ጳውሎስን ሁከት አስነሺ ነው ብሎ ከሰሰው። ቃሉ የተማረ ሰው ቃል ነበረ፤ ማስረጃ ግን አላቀረበም።

ጳውሎስም እንዲናገር በተፈቀደለት ጊዜ አገረ ገዢውን በአክብሮት ጠርቶ ወደ ነገሩ ገባ። ወደ ኢየሩሳሌም ከወጣ 12 ቀን ብቻ እንደ ሆነው ተናገረ። በመቅደስም በምኵራብም ሕዝብ ሲያነሣሣ እንዳላገኙት፣ ለክሳቸውም ማስረጃ እንደሌላቸው ገለጸ። የሚያምነውን ግን አልካደም። አየን የሚሉት ሰዎች ራሳቸው መጥተው መመስከር ይገባቸው ነበር አለ።

ፊልክስ በዚያን ቀን አልፈረደም። ከጳውሎስ ገንዘብ ለማግኘት ተስፋ አድርጎ ነበርና 2 ዓመት በእስር ተወው። እውነት የተናገረ ሁሉ ወዲያው አይረታም። ነገር ግን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ዛሬ የጳውሎስ ቃል በዓለም ሁሉ ይነበባል፤ ጠርጠሉስ ግን ከሐሰት ክሱ በቀር የሚታወቅበት ነገር የለውም።

፮፣ የጎልማሳው ፍርድ

አሁን ወደ መንዝ ዛፍ ጥላ እንመለስ። ጎልማሳው ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ አጎቱ ተነሡ። ሸማቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፣ ንግግራቸውን ቤት እያስመቱ ወረዱበት። የልጅየውን መንተባተብ እየጠቀሱ ሲቀልዱ ሕዝቡ ሳቀ። «በቅሎ እወራረዳለሁ!» ሲሉም ብዙዎች አጨበጨቡ። ጎልማሳው አፍሮ መሬት መሬት አየ።

ዳኛው ግን አልሳቁም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው አጎትየውን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ድንበሩ የት ላይ ነው?» አሉ። አጎትየው ስለ አባቶቻቸው ጀግንነት ተናገሩ። ዳኛው ሁለተኛ «ድንበሩ የት ላይ ነው?» አሉ። አጎትየው ስለ ቤታቸው ክብር ተናገሩ። ሦስተኛ ቢጠየቁ ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎች ወደ ቦታው ሄዱ። ጅረቱንና የቆመውን ድንጋይ ጎልማሳው እንዳለው አገኙት። ጎረቤቶችም በመሐላ መሰከሩ።

ዳኛውም «በዘንድሮው መሬት ላይ የተዘራውን ገብስ የዘራው ይጨደው፤ ከመከር በኋላ ግን መሬቱ ለባለ ርስቱ ይመለስ» ብለው ፈረዱ። የመከሩ ቀን በደረሰ ጊዜ ጎልማሳው ማጭዱን ይዞ ወጣ፤ የአጎቱንም ገብስ አብሮ አጨደ። አጎትየው፣ ያ ሁሉ ቃል የነበራቸው ሰው፣ በዚያን ቀን የሚናገሩት አጡ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ እውነት ያለው ሰው መናገርን መማር ይገባዋል። ጎልማሳው ትውልዱን ባይቆጥር፣ ድንበሩን ባይለይ፣ በሥርዓት ባይናገር ኖሮ ዳኛው ከምን ላይ ቆመው ይፈርዱለት ነበር? ዛሬ ሙግቱ በጽሑፍ ሆኗል፤ ፍርድ ቤቱም ከዛፍ ጥላ ወደ ቤት ገብቷል። ነገሩን አሳጥሮ፣ አስተካክሎ፣ አስረድቶ የሚናገርና የሚጽፍ ሰው ግን ዛሬም ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ መናገር የሚያውቅ ሰው እውነትን መያዝ ይገባዋል። ምላስ አጥንት የላትም፤ አጥንት ግን ትሰብራለች። ስለታም ቢላዋ በጨዋ ሰው እጅ ዳቦ ይቆርሳል፤ በወንበዴ እጅ ግን ሰው ያቆስላል። አፍ የተሰጠው ሰው አፍ ለሌለው ወንድሙ ቢናገርበት ያን ጊዜ ጥበቡ በእውነት ጥበብ ይባላል።

ጥያቄ

1. አቅኚ አባት ማለት ምን ማለት ነው?
2. የአነጋገር ትምህርት በሰራኩስ የተጀመረው በምን ምክንያት ነው?
3. ዴሞስቴንስ የምላሱንና የትንፋሹን ጉድለት እንዴት አሸነፈ?
4. ሦስቱ የማሳመን ረዳቶች ምንና ምን ናቸው? ለእያንዳንዱ ምሳሌ ስጥ።
5. በጠርጠሉስና በጳውሎስ ንግግር መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው?
6. ዳኛው አጎትየውን አንድ ጥያቄ ሦስት ጊዜ የጠየቁት ስለ ምን ነው?